በየትኛው ኪይ እንጫወተው? የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ከምዕራብ አየርላንድ

አርብ፣ ደብሊን

ቫዮሊኔን እንደ ልጅ አዝዬ ደብሊን ገባሁ። ከለንደን በረራው አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፤ ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ አረፍን። ጉዞውን ግን ሁለት ዓመት ነው የጠበቅኩት።

ነገሩ የጀመረው ለንደን ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ዝናብ መጣና አንድ መጠጥ ቤት ተጠለልኩ። ጥግ ላይ አምስት ሰዎች ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። ማይክ የለም፣ መድረክ የለም፣ ኖታ የለም። አንዷ ቫዮሊን ይዛለች። እኔ አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን የተማርኩ ሰው ነኝ። ቫዮሊን እንዲህ ሲዘል ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ቤቴ ገብቼ ተኝቼ እንኳ ትከሻዬ አላርፍ አለኝ። የሰማሁት ጂግ የሚባል የአየርላንድ የጭፈራ ዜማ መሆኑን ያወቅኩት በማግስቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍሌን ዘግቼ ከዩቲዩብ 30 ያህል ጂግ ለቀምኩ። ከሰው ጋር ግን አንድም ቀን አልተጫወትኩም።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። የጂግ ምት 6/8 ነው። ስድስቱ ሦስት ሦስት ሆነው ለሁለት ይከፈላሉ፤ እግር ሁለቱን ይረግጣል። አብዛኛው ጂግ ሁለት ክፍል አለው። ስድስቱ አንዴ ሲሞላ አንድ ባር ይባላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 8 ባር ነው፤ ሁለት ሁለቴ ሲደገም 32 ባር ይመጣል። ያንን ብዙ ጊዜ ሦስቴ ይዞሩትና ሳያቆሙ ወደ ሌላ ጂግ ይሻገራሉ። ሁለት ሦስት ጂግ ተያይዞ ነው አንድ ጨዋታ የሚሞላው። ኪይ የምለው ደግሞ ዜማው ቤቴ ብሎ የሚያርፍበትን ድምፅ ነው፤ ዲ፣ ጂ፣ ኤ እየተባለ በፊደል ይጠራል።

ማታ ስሚዝፊልድ ወደሚገኘው ኮብልስቶን የሚባል መጠጥ ቤት ሄድኩ። በ2021 ቦታው ላይ ሆቴል ሊሠራ ታቅዶ ነበር። የከተማው ሰው ሰልፍ ወጥቶ ተቃወመ፤ የከተማው ምክር ቤትም ፈቃዱን ከለከለ። ሰው ለምን እንደተቆጣ ለማወቅ እዚያ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል። በሩ አጠገብ ሙዚቀኞች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ሌላው ሰው ቆሞ ይሰማል።

ቫዮሊኔን ከሳጥኑ አላወጣሁም። ዛሬ ማዳመጥ ብቻ ነው አልኩ።

የመጀመሪያው ጂግ በዲ ነበር። ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ ሁለት ባር ሲቀረው ፍሉት የያዘው ሰውዬ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። አንዱ «ሃፕ!» አለ። ወዲያው ሁሉም እኩል ጂ ላይ ገቡ። ከዚያ ደግሞ ከጂ ወደ ኤ ሲሻገሩ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ መሰለኝ። ፍጥነቱ ያው ነው። ድምፁም አልጨመረም። የተለወጠው ኪዩ ብቻ ነው።

እኛ አገር ኪይ የሚወሰነው በዘፋኙ ጉሮሮ ነው። ዘፋኝ ሲመጣ መጀመሪያ «ኪይህ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪም ክሩን የሚወጥረው ወይም የሚያላላው ለራሱ ድምፅ ነው። እዚህ ግን ዘፋኝ የለም። ታዲያ ለማን ብለው ነው ኪይ የሚመርጡት? ይህን ጥያቄ ይዤ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ወደ ሚልታውን ማልቤይ

ጠዋት ከሂውስተን ባቡር ጣቢያ ተነሳሁ። ሊመሪክ ላይ ቀይሬ ኤኒስ ገባሁ። ከመስኮቱ ውጪ ሜዳ፣ ላም፣ የድንጋይ አጥር፤ እንደገና ሜዳ፣ ላም፣ የድንጋይ አጥር። መንገዱን ሙሉ የግራ እጄ ጣቶች ቀኝ ክንዴ ላይ ጂግ ሲለማመዱ ነበር።

ኤኒስ የክሌር አውራጃ ዋና ከተማ ናት። ከስቲስ የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ አላት። ለቫዮሊኔ ደጋን ሙጫ ልገዛ ገባሁና አንድ የቆርቆሮ ዋሽንትም ይዤ ወጣሁ። እነሱ ቲን ዊስል ይሉታል። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። የእኛ ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ነው ያለው፤ ይሄኛው ስድስት አለው።

አውቶቡስ እስኪመጣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሞከርኩት። ስድስቱንም ቀዳዳ ስደፍን ዲ ወጣ። ጣቶቼን ከታች ጀምሬ አንድ በአንድ ሳነሳ ዲ ሜጀር ስኬል፣ የዲ የድምፅ መሰላል ማለት ነው፣ በራሱ እየተዘረጋ መጣ። ጂ ሜጀር ለመጫወት የምትቸግረው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፤ ሲ ናቹራል። እሷንም ከላይ አንደኛውን ቀዳዳ ከፍቶ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደፍኖ ማግኘት ይቻላል። ትንሽ ታፈነች እንጂ መጣች። ከዲ በታች ግን ምንም የለም፤ ዋሽንቱ እዚያ ላይ ያልቃል። ይህ ነገር ከሦስት ቀን በኋላ ትልቅ ትርጉም እንደሚኖረው ያን ጊዜ አልገባኝም።

ከኤኒስ ሚልታውን ማልቤይ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አንድ ዋና መንገድ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ዊሊ ክላንሲ የሚባል አናጢና ሙዚቀኛ የኖረው እዚህ ነው። ኢሊን ፓይፕስ የሚባለውን ባለ ከረጢት ቧንቧ ነበር የሚጫወተው። በ1973 መጀመሪያ ላይ ሞተ። ወዳጆቹ በዚያው ዓመት ክረምት በስሙ የበጋ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ክረምትም በጋም ያልኩት ተምታቶብኝ አይደለም። የእነሱ በጋ በእኛ ክረምት ላይ ነው የሚውለው፣ ትምህርት ቤቱ የሚከፈተውም በጁላይ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ማለትም በእኛ ሰኔ መጨረሻ ነው። ዝናቡም የሰኔ ዝናብ ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ አዲስ አበባ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ያረፍኩበት ቤት እመቤት በሩን ከፍተው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስሜን አይደለም። «ምን ትጫወቻለሽ?» አሉኝ። ሻይ ቀዱልኝ፣ ጥቁር ዳቦ በቅቤ አቀረቡልኝ። ስሜን የጠየቁኝ ሁለተኛው ሲኒ ላይ ነው።

እሑድ

ጠዋት በእግሬ ስፓኒሽ ፖይንት ወረድኩ። ስሙ የመጣው በ1588 በዚህ ዳርቻ ከተሰበሩት የስፔን የጦር መርከቦች ነው። ንፋሱ ያንገዳግዳል። ብዙም ሳልቆይ ተመለስኩ።

ማታ ጭፈራ ነበር። ስምንት ሰው፣ አራት ጥንድ ሆኖ አራት ማዕዘን ይሠራል። ጫማው ከእንጨቱ ወለል ጋር ሲነጋገር ራሱን የቻለ ከበሮ ነው። ጂግ ለጭፈራ የተሠራ መሆኑን በቃል አውቅ ነበር፤ እግር ላይ ሳየው ግን ሌላ ነገር ሆነ። በ1935 አየርላንድ ያለ ፈቃድ የሕዝብ ጭፈራ ማካሄድን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ፖሊሱም ቄሱም ሕጉን በየሰዉ ቤት ጭፈራ ላይ አዋሉት። ሰው ወጥ ቤቱ ውስጥ ጎረቤት ጠርቶ መጨፈሩ በብዙ ቦታ ቀረ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች፣ ወላጆቻቸው ያንን ዘመን ያዩ ናቸው። ይህን ሳስብ የሰባ ዓመቶቹ ጥንዶች ሲሽከረከሩ ማየቱ ሆዴን አባባው።

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ላብ ያጠመቃቸው ሴትዮ «እግሬ ዝሎ ሊያቆም ሲል ኪይ ይቀየርልኛል፤ ያኔ እንደ አዲስ ነው» አሉኝ። አርብ ማታ ደብሊን ላይ ያየሁትን ነገር ነው የነገሩኝ።

ሰኞ

ትምህርቱ ጠዋት ነው፤ ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት። የአካባቢው ትምህርት ቤትና የመኖሪያ ቤት ሳይቀር ክፍል ይሆናል። እኛ ክፍል አሥራ ምናምን ቫዮሊን አለ። ፊድል ነው የሚሉት፤ መሣሪያው ግን ያው ነው። መምህርቷ ገና ስትገባ «ወረቀቱን ወደ ቦርሳ» አለች። ሁለት ባር ትጫወታለች፣ እኛ እንደግማለን። እንደ ቆሎ ተማሪ በጆሮ መቀበል ነው። በኖታ ላደገ ሰው መጀመሪያ ያስጨንቃል። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ምቱን ለጀማሪ የሚያስተምሩበት ዘዴ ደስ ይላል። «ራሸርስ ኤንድ ሶሴጅስ» እያሉ ነው፤ የቁርስ ሥጋና ቋሊማ ማለታቸው ነው። ቃሉ ራሱ ጂግ ነው። ለእኔ ግን አንደበቴ ላይ አልቀመጥ አለ። በልቤ የራሴን ፈለግኩና አገኘሁ። በር-በ-ሬ ሚጥ-ሚ-ጣ፣ በር-በ-ሬ ሚጥ-ሚ-ጣ። ልክክ አለ። ከዚያ በኋላ ቀኝ እጄ አልተሳሳተም።

የዕለቱ ትልቅ ትምህርት የኪይ ነበር። ዘ ኬሽ የሚባል ጂግ አለ፤ በጂ ነው የሚጫወቱት፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። መምህርቷ መጀመሪያ እንደተለመደው አጫወተችን። ቀጥላ «አሁን ጣታችሁን ሳትቀይሩ ሁሉንም አንድ ክር ወደ ወፍራሙ አውርዱት» አለች። የቫዮሊን ክሮች በአምስት ድምፅ ስለሚራራቁ ጣቱ ያው ሆኖ ኪዩ ከጂ ወደ ሲ ይወርዳል። ወረድን። ያ የሚፍለቀለቀው ኬሽ ደረቱን ሞልቶ፣ ረጋ ብሎ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ መጣ። ወፍራሙ ክር አገጬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ዜማው አንድ ነው፤ ሰውዬው ግን ሌላ።

ወደ ኤ ስንወስደው ደግሞ ተቃራኒ ሆነ። ባዶዎቹ ኤ እና ኢ ክሮች ራሳቸው እየዘመሩ አብረው ይጮኻሉ፤ ድምፁ ያብረቀርቃል። ግን ሁለተኛው ክፍል ጫፍ ላይ ያለችው ድምፅ ከእጅ ታመልጣለች። በጂ ሲሆን ትንሿ ጣት ቀጥ ብላ የምትደርስባት ናት። በኤ ሲሆን እጅን ወደ ላይ ማንሳት ወይም ጣትን መለጠጥ ይጠይቃል። ከስኮትላንድ የመጣ አንድ ልጅ በእነሱ አገር ብዙ ጂግ በኤ እንደሚጫወት ነገረን። የስኮትላንድ ደጋ ባግፓይፕ፣ በአፍ የሚነፋው ባለ ከረጢት ቧንቧ፣ ዘጠኝ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማው እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። ፊድሉም ባግፓይፑን ይከተላል አለ።

ወደ መጨረሻው የፓዲ ፋሂን አንድ ጂግ አስተማረችን። ፋሂ የምሥራቅ ጎልዌይ ገበሬና ፊድለኛ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ በ2019 ነው የሞተው። ለሠራቸው ዜማዎች ስም አላወጣላቸውም። ጂጉም፣ ሪል የሚባለው ሌላው የጭፈራ ዜማም፣ ሁሉም «የፓዲ ፋሂ» ነው የሚባሉት። ይሄኛው በጂ ማይነር ዙሪያ ያንዣብባል። አንደኛ ጣቴ ወደ ኋላ ሸሽታ ቢ ፍላት ላይ ስታርፍ ትዝታ ማይነር የጀመርኩ መሰለኝ። እንደ ጂግ ይረገጣል፤ ግን ያስተክዛል። ለካ ጂግ የግድ ደስተኛ መሆን የለበትም። ከሰማኋቸው ሁሉ ይሄን ነው ያስበለጥኩት፤ እስካሁንም አልቀየርኩም።

ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል። ግን የዚህ ጉዞ ፍሬ እሱ ነው።

ማታ ዋናው መንገድ ላይ ካሉት መጠጥ ቤቶች አንዱ ገባሁ። ጓዳ መሰል ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ተቀምጧል። ሁለት ፊድል፣ አንድ የእንጨት ፍሉት፣ አንድ ኮንሰርቲና (ትንሽ አኮርዲዮን መሰል)፣ አንድ ኢሊን ፓይፕስ፣ አንድ የቆርቆሮ ዋሽንት። ዋሽንቱን የያዙት ሰማንያን የተጠጉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ኮፍያቸውን አላወለቁም። በልቤ አባባ አልኳቸው።

ኢሊን ፓይፕስን ከቅርብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እንደ ስኮትላንዱ በአፍ አይነፋም። ቀኝ ክንድ ሥር ወናፍ ይታሰራል። ክርኑ ወናፉን ይጫናል፣ ወናፉ ከረጢቱን ይሞላል። ኢሊን የሚለው ቃል ራሱ በአይሪሽ ክርን ማለት ነው። ጭን ላይ የተጋደሙ ሦስት ቧንቧዎች አንድ ዲ ሳያቋርጡ ያጓራሉ፤ ዜማው ከላዩ ይሄዳል። ዩኔስኮ በ2017 የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። እኔን ግን በገና ነው ያስታወሰኝ። በሆድ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ወንበር ሰጡኝ። የማውቃቸው ሲመጡ ገባሁ፣ የማላውቃቸው ሲመጡ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ሞሪሰንስ የሚባለው ጂግ መጣ፣ በኢ ዶሪያን፤ ዶሪያን ማይነርን የሚመስል ስኬል ነው። ባኒሽ ሚስፎርቹን የሚባለው ጂግም መጣ፤ መከራን አባር እንደማለት ነው። በዲ ነው፣ ግን ሲው ናቹራል ስለሆነ ሜጀርም ማይነርም አይባልም። ሽማግሌው ያቺን ሲ ሲነኩ አየኋቸው። አንደኛው ጣት ተነሳ፣ ሁለቱ ተደፉ። ቅዳሜ አግዳሚ ላይ እኔ ያፈንኳት ድምፅ በሳቸው ጣት ጠርታ ወጣች።

ከዚያ «ልጄ፣ አንድ አንሺልን» አሉኝ።

ልቤ ዘለለ። የሰኞው ትምህርት ገና ትኩስ ነው። ኬሽን ጀመርኩ፤ በሲ።

የመጀመሪያውን ባር ሲሰሙ ሁሉም ዜማውን አወቁትና መሣሪያቸውን አነሱ። በሁለተኛው ባር ፍሉቱ ዝም አለ። ፓይፐሩ ክርኑን አላላ። አንደኛው ፊድለኛ ፈልጎ አገኘኝ። የኮንሰርቲናዋ ሴትም ተከተለችኝ፤ መሣሪያዋ ሲ እና ጂ የተደረደሩበት ስለሆነ አልተቸገረችም። ሽማግሌው ግን ዋሽንታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። እኔ ይህን እያየሁ ሦስቱንም ዙር ተጫወትኩ። ድምፁ ያማረ ስለመሰለኝ ነው። ስጨርስ አጨበጨቡልኝ። ጨዋ ሰዎች ናቸው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ቆንጆ ነው» አሉ። «ግን በሩን ዘግተሽብን ነው የተጫወትሽው።»

ፊቴ ጋለ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ተቆጥተው አይደለም፤ ዋሽንቱን አንስተው በእጄ አስያዙኝና ስድስቱን ቀዳዳ አስደፈኑኝ። ዲ። «ከዚህ በታች ቤት የለኝም» አሉኝ። የእንጨት ፍሉቱም ከዲ ይነሳል። ፓይፑም ዲ ነው፤ የሚያጓሩት ቧንቧዎች ዲ ላይ ተቃኝተው ነው የተቀመጡት። ፊድል ወደፈለገው ይሄዳል። እነሱ ግን መሄጃ የላቸውም። ስለዚህ ፊድል ነው ወደ እነሱ የሚመጣው። ዲ እና ጂ፣ ከነዘመዶቻቸው ከኢ ማይነርና ከኤ ዶሪያን ጋር፣ ይህን ሙዚቃ የሞሉት ለዚህ ነው።

የአርብ ጥያቄዬ መልስ አገኘ። እነዚህ ሰዎች ኪይ የሚመርጡት መሣሪያው ብዙ መንገድ ለሌለው ሰው ብለው ነው። ክፍሌን ዘግቼ ሁለት ዓመት ብቻዬን ስለተጫወትኩ ይህ ሊታየኝ አልቻለም። ለሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ረቡዕ

ከክፍል በኋላ ከልጆቹ ጋር በመኪና ሞኸር ገደል ሄድን። ከፍተኛው ጫፍ 214 ሜትር ነው። ክሊፍስ ኦቭ ሞኸር የሚባል ጂግም አለ፣ በኤ ዶሪያን። በዚያ ንፋስ ቫዮሊን አይወጣም፤ በአፌ አንጎራጎርኩት። ዜማው ከላይኛው ኤ ይነሳል፤ አራት ባር ሳይሞላ እስከ ታችኛው ኢ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ቆሜ ወደ ታች እያየሁ ሳንጎራጉረው፣ ዜማውን የሠራው ሰው እዚህ የቆመ መሰለኝ።

ዱሊን ላይ ሻይ ጠጣን። በቆርቆሮ ዋሽንቱ የታወቀው ማይኮ ራስል የዚህ መንደር ሰው ነበር፤ በ1994 ነው ያረፈው። በቀላል፣ ባልተኳኳለ አጨዋወቱ ነው የሚያነሱት።

ለወንድሜ አዲስ አበባ ከማክሰኞ ማታ የቀዳሁትን ልኬለት ነበር። ማታ የድምፅ መልእክት መለሰልኝ። «እህቴ፣ ይሄማ ቺክቺካ ነው! ፍሬኑን ይዘውት ነው እንጂ» አለ። ስቄ አላበቃሁም፤ ልክ ነዋ። ቺክቺካም 6/8 ነው። እነሱ ስድስቱን ለሁለት ከፍለው በእግር ይረግጡታል። እኛ ደግሞ በሁለቱ ላይ ሦስቱን ደርበን በትከሻ እናወጣዋለን። ያን ቀን ለንደን ውስጥ ትከሻዬ አላርፍ ያለው ለካ የሚያውቀውን ሰምቶ ነው።

ሐሙስ

ወደዚያው ቤት ለመመለስ እግሬ ተጎተተ። ግን ሄድኩ።

ሽማግሌው አሉ። ሲያዩኝ በእጃቸው አጠገባቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አደረጉ። ከኮታቸው ኪስ አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ዋሽንቶች ናቸው። አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም፣ አንዱ ክንድ የሚያህል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የእኛ አገር ዋሽንት ነፊ ልክ እንዲህ ነው፤ አንዱ ዋሽንት ለአንድ ኪይ ስለሆነ ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን አስሮ ይዞ ይዞራል። ይህንን ነገርኳቸው። «እና ምን ታስቢያለሽ፣ ሌላ ምን ምርጫ አለ?» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

ረጅሙን አነሱ። ከጂ የሚነሳ ዋሽንት ነው። «በይ፣ ያንን ኬሽሽን አምጪው፤ በዚያው በሲ» አሉኝ።

ገባኝ። በዲ ዋሽንት ሦስት ቀዳዳ ደፍኖ ጂ የሚያወጣው ጣት፣ በዚህኛው ሲ ያወጣል። እኔ አንድ ክር ስወርድ እሳቸው ረጅሙን ዋሽንት ያነሳሉ። የሁለታችንም ጣት አይለወጥም። ጀመርን። ረጅሙ ዋሽንት ድምፁ ትንፋሽ ይበዛበታል፤ ከወፍራሙ ክር ጋር ሲገናኝ እንደ ጭስ ይጠቀለልበታል። ኮንሰርቲናዋ ቀስ ብላ ገባች። ፍሉቱና ፓይፑ ግን በዚህኛውም ተቀምጠው አዳመጡ። ዓይኔ እነሱ ላይ ነበር። ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ሽማግሌውን አየሁና ቅንድቤን ከፍ አደረግኩ። እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ረጅሙን አስቀምጠው የዲውን ዋሽንት አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ አንድ ክር ወደ ላይ ወጣሁ። ኬሽ ወደ ጂ ተመለሰ፤ ፍሉቱም ፓይፑም ሌላውም ፊድል አንድ ላይ ገቡ። «ሃፕ!» ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ትንሽ ቆይቶ የኮንሰርቲናዋ ሴት «ከአገርሽ አንድ የለሽም?» አለችኝ።

አለኝ። ልጅ ሳለሁ ሰርግ ቤት የለመድኩት የቺክቺካ ዜማ ነው፤ በትዝታ ቅኝት፣ በሜጀሩ። ሁልጊዜ የምጫወተው በቢ ፍላት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት በዚያ ስለሆነ። ደጋኔን ክሩ ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ አነሳሁት። ዓይኔ ሽማግሌው ጉልበት ላይ ወዳለው ዋሽንት ሄደ። ትዝታ በዲ ሲሆን ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ ነው። አምስቱም እዚያች ቆርቆሮ ላይ አሉ። ሲዋን እንኳ መፈለግ አያስፈልግም።

«በዲ ልጫወተው?» አልኩ።

«ወደ ቤት ነው የመጣሽው» አሉ ሽማግሌው።

የመጀመሪያውን ዙር ብቻዬን ተጫወትኩ። በሁለተኛው ዋሽንቱ ከሥሬ መፈለግ ጀመረ፤ ሁለት ድምፅ ያገኛል፣ አንድ ይስታል፣ ሦስት ያገኛል። ፍሉቱ ተከተለው። እግራቸው ወለሉን በሁለት ይመታል፣ ትከሻዬ በሦስት ይሄዳል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሦስተኛው ዙር ላይ ፓይፐሩ ክርኑን ወናፉ ላይ ጫነ። ሦስቱ ቧንቧዎች አጓሩና ዲው ከትዝታው ሥር ገባ።